ጤፉ የት ይውረድ?

ስለ መንገድ ስናወራ የምናወራው ስለ ማለፍ ብቻ ነው። መንገዱ ጠበበ፣ ሰፋ፣ ተዘጋ፣ ተከፈተ፣ አስፋልት ገባለት፣ ተቆፈረ እንላለን። ስለ መቆም የሚያነሳ ግን የለም። በከተሞቻችን መቆም ጥፋት ነው። «መቆም ክልክል ነው» የሚል ምልክት በየማዕዘኑ አለ። «የጭነት መኪና እዚህ ቆሞ ያራግፍ» የሚል ምልክት ግን በሥራዬ ምክንያት በዞርኩባቸው ከተሞች ፈልጌ ያገኘሁት ከስንት አንዴ ነው።

እህል ደግሞ እየሄደ አይጫንም፣ እየሄደም አይራገፍም። ከአውድማ እስከ ምጣድ ባለው ጉዞ ቢያንስ ሁለት ጊዜ መኪና ቆሞ ሊጠብቀው ግድ ነው። ዛሬ የምጽፍላችሁ ስለነዚህ ሁለት መቆሚያዎች ነው። አንዱ የተወለድኩባት እነዋሪ ነው፣ ሌላው መርካቶ። ለመኪናው ቦታ ሳይታሰብ ሲቀር ሒሳቡን ማን እንደሚከፍል አብረን እንይ።

እነዋሪን ለማታውቁ፣ በሰሜን ሸዋ የሞረትና ጅሩ ወረዳ ዋና ከተማ ናት። ከደብረ ብርሃን ወደ ምዕራብ፣ ደነባን አልፋችሁ፣ ሜዳው ላይ ታገኟታላችሁ። ጅሩ ሲባል ብዙ ሰው የሚያውቀው ሰንጋውን ነው። በዓል ሲቃረብ አዲስ አበባ ላይ «የጅሩ ሰንጋ» የሚለው ስም ብቻውን ዋጋ ይጨምራል። ከሰንጋው ጀርባ ግን መረሬው አፈር አለ። ጤፍ፣ ስንዴ፣ ምስር፣ ባቄላ፣ ሽምብራ፣ ጓያ የሚበቅለው እዚያ ላይ ነው።

በገበያ ቀን ከተማዋን ያየ ሰው ነገሩ ቶሎ ይገባዋል። ገበሬው በአህያ ጭኖ ከየቀበሌው ይገባል። ነጋዴው በሩ ላይ ሚዛኑን አስቀምጦ ይቀበላል፤ ማዳበሪያው በማዳበሪያ ላይ እየተደረበ የመንገዱን ዳር ይይዛል። ከሰዓት በኋላ አይሱዙው ይመጣል። ወደ ኋላ እየሄደ ይጠጋል፣ ግማሽ ጎኑን መንገዱ ላይ ትቶ ይቆማል። ጫኞቹ ኩንታሉን በጀርባቸው እያወጡ ይደረድራሉ፤ ረዳቱ ሸራውን ያለብሳል፣ ገመዱን ያጠብቃል። ይኼ ሁሉ ሰዓታት ይፈጃል። በዚህ መሃል ባጃጁ ክላክስ ያደርጋል፣ ሚኒባሱ ይቆማል፣ ጋሪው መሃል ይገባል። ከትምህርት ቤት የሚመለሱት ልጆች ደግሞ መኪናውን ዞረው በመሃል መንገድ ያልፋሉ። ከመኪናው ኋላ የወጣ ልጅ ከፊት ለሚመጣው ሾፌር አይታይም። እኔ ሁልጊዜ የሚያስፈራኝ ይኼ ነው።

ሰንጋ የሚጫን ቀን ደግሞ ይብሳል። በሬ እንደ ኩንታል በጀርባ አይወጣም። መኪናው ከፍ ያለ የአፈር ጉብታ ፈልጎ ጀርባውን ማስጠጋት አለበት። ጉብታው መንገድ ዳር ከሆነ መንገዱ ለዚያን ሰዓት ተዘጋ ማለት ነው።

አንድ የማውቃቸውን እህል ነጋዴ፣ «ጋሼ፣ ከከተማው ወጣ ብላችሁ ለምን አትጭኑም?» ብዬ ጠይቄያቸው ነበር።

«እህሉ እዚህ፣ ሚዛኑ እዚህ፣ ገበሬው እዚህ» አሉኝ። «መኪናውን ብቻ ወዴት ልስደደው? ደግሞስ ጋሪ ከፍዬ ላመላልሰው? ያንን የምቀንሰው ከማን ላይ ይመስልሃል?»

ጥያቄያቸው ትክክል ነው፣ መልሱንም ያውቁታል። የሚቀንሱት ከገበሬው ላይ ነው። ገበሬው አህያውን ነድቶ ሁለት ሦስት ሰዓት ተጉዞ መጥቷል፤ ኩንታሉን ይዞ አይመለስም። ስለዚህ ለጋሪ የተከፈለው ብር ከጤፉ ዋጋ ላይ ዝም ብሎ ይነሳል። ደረሰኝ የለው፣ ስም የለው። ገበሬው የሚያውቀው «ዛሬ ዋጋው ወርዷል» የሚለውን ብቻ ነው።

አሁን ወደ ሁለተኛው መቆሚያ እንሂድ። ከጥቂት ዓመታት በፊት ለአንድ ጽሑፍ ብዬ ጤፍ ከጫነ አይሱዙ ጋር ወደ አዲስ አበባ ሄጄ ነበር። እነዋሪን በማለዳ ለቅቀን፣ ደብረ ብርሃንን፣ ሸኖን፣ ሰንዳፋን አልፈን ከተማዋ አፍ ላይ ስንደርስ ገና ቀን ነው። ሾፌሩ መኪናውን ዳር አስይዞ ሞተሩን አጠፋ። ምሽት እስኪሆን እዚያው መዋል ነበረብን። ሻይ ጠጣን፣ በላን፣ ረዳቱ ከመኪናው ሥር ምንጣፍ ዘርግቶ ተኛ። ከፊታችንም ከኋላችንም እንደኛው የቆሙ መኪኖች ነበሩ። ከመሸ በኋላ ገብተን መርካቶ እህል በረንዳ አካባቢ ስንደርስ ደግሞ ተቀባዩ መጋዘኑን ቆልፎ ቤቱ ገብቷል። በስልክ ተለምኖ መጣ። መኪናው የሚጠጋበት ቦታ ላይ ሌላ መኪና ስለቆመ «ቦታ ይዘን ጠብቀናል» ላሉ ልጆች ተከፈለ። የቆምንበት ከመጋዘኑ በር ስለራቀ ጫኝና አውራጆቹ በኩንታል ተጨማሪ ጠየቁ። ያም ተከፈለ።

በዚያ ሌሊት ከሾፌሩ ኪስ የወጣው ብር ሁሉ ለአንድ ነገር የተከፈለ ነው፤ ለመቆም።

ይኼ ለምን እንደሆነ እናስታውስ። በ2011 ዓ.ም. ክረምት መግቢያ ላይ የአዲስ አበባ አስተዳደር ሞተር ብስክሌቶችን ሲያግድ፣ የጭነት መኪኖችም ቀን ቀን እንዳይንቀሳቀሱ፣ ጭነትና ማራገፍ ወደ ሌሊት እንዲዞር ወስኖ ነበር። የውሳኔው ምክንያት ከንቱ አይደለም። ጠዋት ሠራተኛ ቢሮ፣ ልጅ ትምህርት ቤት በሚሄድበት ሰዓት ከባድ መኪና መሃል ከተማ ሲዞር መንገዱ ይታነቃል፣ ሰውም ይሞታል።

ሐሳቡ አዲስም አይደለም። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ45 ዓመት ገደማ ዩልዮስ ቄሣር ሮም ላይ ጋሪ ቀን ቀን እንዳይገባ ከልክሎ ነበር። ጋሪው ግን አልቀረም፤ ሌሊት ገባ። ከዚያ በኋላ የመጣው ገጣሚ ዩቬናል በጋሪው ጩኸት ሮም ውስጥ እንቅልፍ የሚያገኘው ሀብታም ብቻ ነው ብሎ አማረረ። ሰዓት ሲቀየር ሸክሙ ከአንዱ ሰው ወደ ሌላው ይዞራል እንጂ አይጠፋም።

የኛን የሚያከብደው ሌላም ነገር አለ። መኪናው ሌሊት አዲስ አበባ እንዲገባ ስናዝዝ የሚመጣበትን አገር አላሰብንም። በአማራ ክልል ግጭቱ ከተባባሰ ወዲህ፣ ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ከታወጀበት ጊዜ አንስቶ፣ መንገዱ ክፍት የሚሆንበት ቀንም አለ፣ የሚዘጋበትም ቀን አለ። ጨለማ ላይ መንዳት የሚደፍር ሾፌር ጥቂት ነው። አዲስ አበባ «ሲመሽ ና» ትላለች፤ መንገዱ «ሳይመሽ ግባ» ይላል። ሾፌሩ ሁለቱንም ለማክበር ቀኑን ሙሉ ከከተማው ደጃፍ ላይ ቆሞ ይውላል።

አንድ ቀላል ሒሳብ እንሥራ። ቁጥሩ ለምሳሌ ያህል ነው፣ እናንተ በራሳችሁ ቁጥር ቀይሩት። መኪናው 60 ኩንታል ጭኗል እንበል። በመጠበቅ የጠፋው ቀን፣ የሾፌሩና የረዳቱ አበል፣ የቦታ ጠባቂው፣ የጫኝና አውራጁ ጭማሪ ተደምሮ 6,000 ብር ቢሆን፣ እያንዳንዱ ኩንታል ላይ 100 ብር ተጨመረ። መቶ ብር ምን አላት የሚል ይኖራል። ነገሩ ግን እዚያ አያበቃም። በሳምንት ሦስት ጊዜ መመላለስ ይችል የነበረ መኪና ሁለት ጊዜ ብቻ ከተመላለሰ፣ ያሉን መኪኖች በሲሶ እንደቀነሱ ቁጠሩት። ታኅሣሥና ጥር ላይ ገበሬው ሁሉ እህሉን በሚያወጣበት ሰዓት መኪና ጠፋ የምንለው፣ ከፊሉ መኪና ቆሞ ተራ ስለሚጠብቅ ነው። መኪና ሲጠፋ ደግሞ የጭነት ዋጋ ይወጣል።

ነጋዴው መሃል ላይ ስለሆነ ይኼን ወጪ በሁለቱም በኩል ያካፍለዋል። ግማሹን ጅሩ ላይ ከገበሬው ይቀንሳል፣ ግማሹን አዲስ አበባ ላይ ጤፍ በኪሎ የምትገዛው እናት ላይ ይጨምራል። ሁለቱ ሰዎች አይተዋወቁም። ገበሬው ዋጋው ወረደ ይላል፣ እሷ ዋጋው ናረ ትላለች፤ ሁለቱም እውነታቸውን ነው።

«ታዲያ መኪናው እንደፈለገ ይቁም ልትለን ነው?» የሚል አንባቢ እንደሚኖር አውቃለሁ። አይደለም። ጥቅምት 11 ቀን 2017 ዓ.ም. ምሽት መርካቶ ሸማ ተራ ላይ የተነሳውን እሳት ሁላችንም እናስታውሳለን። እሳት አደጋ መኪኖች በጠበበውና በተጨናነቀው መንገድ መግባት ምን ያህል እንደቸገራቸው ተነግሯል። በዘፈቀደ የቆመ መኪና የሰው ንብረትና ሕይወት ያስከፍላል። እኔ የምለው፣ ቦታ ያልተሰጠው መኪና በዘፈቀደ መቆሙ አይቀርም ነው። ክልከላው መኪናውን አያጠፋውም። የሚያጠፋው ሥርዓቱን ነው።

የሌሎች አገሮች ልምድ ሁለት ነገር ያስተምረናል።

አንደኛው ባርሴሎና ነው። እዚያ መሃል ከተማ መንገድ ዳር ላይ ለማራገፊያ ብቻ የተቀባ ቦታ አለ። ሾፌሩ በስልኩ ይመዘግባል፣ በአብዛኛው 30 ደቂቃ ይፈቀድለታል፣ አራግፎ ይሄዳል። ቦታው በነጻ ነው፤ የሚገደበው ደቂቃው ነው። የቤት መኪና እዚያ ላይ ቆሞ ቡና ሊጠጣ አይችልም።

ሁለተኛው ኒው ዮርክ ነው። እ.ኤ.አ. በ2009 እና በ2010 ማንሃተን ላይ ጭነትን ከምሽት እስከ ንጋት የማዞር ሙከራ ተደርጎ ነበር። ሙከራውን የመሩት ፕሮፌሰር ሆዜ ሆልጊን ቬራስ ያተኮሩበት ነገር ለኛ ትልቅ ትምህርት አለው። ዕቃው የሚደርስበትን ሰዓት የሚወስነው ሾፌሩ አይደለም፣ ተቀባዩ ነው። ስለዚህ ሾፌሩን ከመቅጣት ይልቅ ሌሊት በሩን ለሚከፍተው ባለ ሱቅ ማበረታቻ ሰጡ። እኛ ግን ያደረግነው ተቃራኒውን ነው። ሾፌሩን ሌሊት ና አልነው፤ ባለ መጋዘኑን ግን ሌሊት ክፈት አላልነውም፣ መብራትና ጥበቃም አላመቻቸንለትም። እኔ ያየሁት የተቆለፈ በር የዚያ ውጤት ነው።

እኛ ዘንድ የተለመደው መፍትሔ ገበያውን ማንሳት ነው። ፒያሳ የነበረውን አትክልት ተራ አስታውሱ። በ2012 ዓ.ም. በኮሮና ምክንያት ወደ ጃን ሜዳ ሄደ፣ ክረምቱን ጭቃ ውስጥ አሳለፈ፣ በ2013 ዓ.ም. ወደ ኃይሌ ጋርመንት ተዛወረ። ፒያሳ ተነፈሰች፣ እውነት ነው። ቲማቲሙ ግን ከኃይሌ ጋርመንት ወደ ፒያሳ፣ ወደ ጉለሌ፣ ወደ የካ ለመሄድ ሌላ መኪና፣ ሌላ መጫኛ፣ ሌላ መቆሚያ ፈለገ። መኪናው ቢያንስ ሁለት ጊዜ ይቆም የነበረው አራት ጊዜ መቆም ጀመረ ማለት ነው።

ሌላው መልሳችን ምድር ቤት ነው። በሕንፃ ሥር የመኪና ማቆሚያ ይሠራ ይባላል፤ ይሠራል፤ ከዚያ ግማሹ ሱቅና መጋዘን ይሆናል። ያልሆነውም ቢሆን የተሠራው ለቪትዝ ነው። 60 ኩንታል የጫነ አይሱዙ ጣሪያው ዝቅ ባለ፣ መግቢያው በተጠማዘዘ ምድር ቤት ውስጥ አይገባም። የማቆሚያ ሕጋችን ከተማ ውስጥ መኪና ያለው ሰው ሁሉ የግል መኪና እንዳለው አድርጎ የሚያስብ ይመስላል።

አሁን ደግሞ የኮሪደር ልማቱ አለ። ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ አዲስ አበባን ቀይሯል፤ ወደ ጎንደር፣ ወደ ባሕር ዳር፣ ወደ ሌሎችም የክልል ከተሞች ወርዷል። ሰፊ የእግረኛ መንገድ፣ የብስክሌት መስመር፣ መብራት፣ አበባ። በሰፊው የእግረኛ መንገድ እኔም ደስ ብሎኝ እሄዳለሁ። ግን አንድ ቀን ከዳር ቆማችሁ፣ የለስላሳና የቢራ መኪና ለሱቆቹ ሳጥን ሲያወርድ የት እንደሚቆም ተመልከቱ። ወይ መስመሩን ዘግቶ አስፋልቱ ላይ ይቆማል፣ ወይ ሰው አላየኝም ብሎ የእግረኛው ላይ ይወጣል። ያማረው መንገድ ሲነደፍ ሱቁ ታስቧል፣ ገዢው ታስቧል። ዕቃው ሱቁ ውስጥ እንዴት እንደሚገባ ግን ተረስቷል።

ይኼ ንድፍ ነገ እነዋሪን ወደመሰሉ ትንንሽ ከተሞች መውረዱ አይቀርም። ልቤን የሚያስጨንቀውም እሱ ነው። አዲስ አበባ ስህተቷን በገንዘቧ ትሸከመዋለች። እነዋሪ ግን የምትኖረው በዚያ አይሱዙ ነው። ዋናው መንገድ ተውቦ መጫን ቢከለከልና ሌላ ቦታ ባይዘጋጅ፣ ነጋዴው ጥሎ ወደሚመቸው ከተማ ይሄዳል፣ ገበሬውም አህያውን ይዞ ተጨማሪ መንገድ ይሄዳል። ከተማዋ አምራ ባዶ ትሆናለች።

የጅሩ ሰው ይኼን ትምህርት ከሌላ መማር አያስፈልገውም። መረሬ አፈር ውሃ አያሳልፍም፤ ክረምት ላይ ውሃው ማሳው ላይ ይተኛና ሰብሉን ያበሰብሳል። ስለዚህ ገበሬው መደብ ያወጣል፣ በመሃሉ ቦይ ይቀድዳል። እነዋሪ አካባቢ ይኼ ሥራ ከዱሮ ጀምሮ በእጅ የሚሠራ ነበር። ቤተሰቡ በሙሉ፣ ሴቶችና ልጆች ጭምር፣ የታረሰውን አፈር በእጃቸው እየዛቁ መደብ ያነሱ ነበር። ኢልካ የተባለው የእንስሳት ምርምር ማዕከል ሁለት ማረሻ አጣምሮ በበሬ የሚጎተት መደብ ማውጫ የሠራው እንዲህ ያለውን ድካም ለማቅለል ነው። አንድም ገበሬ ግን ውሃውን «ማሳዬ ላይ መቆም ክልክል ነው» ብሎ አያውቅም። መሄጃውን ቀድሞ ይቆፍርለታል እንጂ።

የከተማ ፕላን አዋጅ ቁጥር 574/2000 ከተሞች መዋቅራዊ ፕላንና የአካባቢ ልማት ፕላን እንዲኖራቸው፣ ነዋሪውም እንዲሳተፍበት ይላል። ስለዚህ ለእነዋሪ ሰዎችና ለመሰል ከተማ ነዋሪዎች የምለው ይኼን ነው።

አንደኛ፣ ከገበያው በሸክም በሚደረስ ርቀት ላይ ሦስት አራት መኪና የሚያቆም የመጫኛ ቦታ ይከለል። ጠጠር ይልበስ፣ ውሃ መውረጃ ይኑረው፤ አለዚያ ክረምት ላይ መረሬው ጎማ ይውጣል። አንድ ጎኑ ላይ ሰንጋ የሚወጣበት ጉብታ በድንጋይ ይሠራ። ይኼ የግንብ ሥራ ነው፣ ፋብሪካ አይደለም።

ሁለተኛ፣ ሰዓት ይለይ። በገበያ ቀን ጠዋቱ የአህያና የእግረኛ ይሁን፣ አይሱዙው ከቀኑ 9 ሰዓት በኋላ ይግባ። ተማሪ የሚወጣበት ሰዓት ላይ ግን መኪና ወደ ኋላ አይሂድ። ሰዓቱን ግን ሾፌሩ ብቻ ሳይሆን ነጋዴውና ጫኙም ይፈርሙበት።

ሦስተኛ፣ ዋናው መንገድ ላይ ስኳርና ዘይት፣ ለስላሳና ሲሚንቶ ለሚያወርዱ መኪኖች በቀለም የተለየ አጭር ቦታ ይሰጥ፤ ግማሽ ሰዓት፣ ከዚያ ውጣ። ቦታውን «ይዘን ጠብቀናል» የሚል ሰው አይኑር።

አራተኛ፣ የጫኝና አውራጅ ዋጋ በኩንታልና በርቀት ተቆርጦ በሚታይ ቦታ ይለጠፍ። ልጆቹ እንጀራቸው ነው፣ ይብሉ፤ ግን ዋጋው ሌሊት ላይ በክርክር አይወሰን።

ለአዲስ አበባም ቢሆን ከዚህ የተለየ ምክር የለኝም። እህል በረንዳ ላይ የሌሊት ማራገፊያ ካስፈለገ መጋዘኑም ሌሊት ይከፈት፣ መብራቱም ይብራ። ከሩቅ አገር ለሚመጣ መኪና ደግሞ ከተማዋ መግቢያ ላይ ሽንት ቤትና ጥበቃ ያለው ማረፊያ ይኑር፤ አስፋልት ዳር ተኝቶ ምሽት አይጠብቅ።

ገና ሕንፃ ባልበዛበት ከተማ ይኼ ሁሉ የሚያስወጣው ጠጠር፣ ቀለምና ሁለት ሦስት ስብሰባ ነው። ከአሥር ዓመት በኋላ ግን ቤት ማፍረስና ካሳ መክፈል ይሆናል።

በከተማችሁ የፕላን ውይይት ሲጠራ ሂዱ። ባለሙያው ሥዕሉን ግድግዳ ላይ ሲዘረጋ፣ አበባውና መብራቱ ሲታያችሁ፣ እጃችሁን አውጡና አንድ ነገር ብቻ ጠይቁ፦ «ጤፉ የት ነው የሚጫነው?» መልስ ካለው ፕላኑ ተሠርቷል። ከሌለው ገና ሥዕል ነው።

በናንተ ከተማ መኪና የት ቆሞ ነው የሚጭነው፣ የት ነው የሚያራግፈው? በተለይ ሾፌሮች፣ ረዳቶችና እህል ነጋዴዎች ብትጽፉልኝ ደስ ይለኛል። ሰላም ቆዩ።